ረግረጉን በሁለት ዓይን፦ አገር በቀል ዕውቀትንና ሳይንስን አጣምሮ ልጆችን ስለማስተማር

ጥያቄ፦ «ከ10 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ሳይንስ አስተምራለሁ። ከትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስበት ረግረግ አለ፤ ሥርዓተ ትምህርቱም ለርዕሱ 10 ክፍለ ጊዜ ሰጥቶኛል። በሥፍራው ለብዙ ትውልድ የኖረው ሕዝብ ስለ ረግረጉ የሚያውቀውን ከሳይንሱ ጋር አብሬ ማስተማር እፈልጋለሁ። ነገር ግን የአዛውንቶቹን ዕውቀት ተረት እንዳላስመስለው፣ በሌላ በኩልም ሳይንስ ምን እንደሆነ ልጆቹ እንዳይምታታባቸው እሰጋለሁ። ከምን ልጀምር? ምዘናውንስ እንዴት ላድርገው?»

መልስ፦ ሁለቱ ስጋቶችዎ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። ሁለቱም የሚመጡት አገር በቀሉ ዕውቀት የምጣድ ማሟሻ፣ ሳይንሱ ደግሞ ዋናው ትምህርት ሆኖ ሲቀርብ ነው። ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት በረግረግ ዳር ያደጉ አንዲት እናት ወደ ክፍሌ ጋብዤ ነበር። ፊላ በየትኛው ወቅት እንደሚታጨድ፣ በየትኛው ወቅት እንደማይነካ፣ ሣሩን አይቶ ምድሩ ሰው ይሸከም አይሸከም እንዴት እንደሚታወቅ ለሩብ ሰዓት ያህል ነገሯቸው። ሲጨርሱ አመሰገንኩና «በሉ አሁን ወደ ሳይንሱ እንግባ» አልኩ። ከፊት ወንበር የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ እሳቸው የነገሩን ምንድን ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። የሴትየዋ ንግግር በጥንቃቄ የተጠራቀመ ምልከታ መሆኑን እያወቅሁ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ከዕውቀት ተራ አውጥቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ዕውቀቶች በተለያየ ሰዓት ማስተማር ትቼ፣ ሁለቱንም በአንድ ነገር ላይ፣ በአንድ ጊዜና በአንድ ጥያቄ ሥር ማገናኘት ጀመርኩ። ጥያቄዬም «ይህን በምን አወቁ?» የሚል ነው።

ለዚህ አካሄድ ስም ያወጡለት በካናዳ፣ በኬፕ ብሬተን ደሴት ላይ ከሚገኘው የኤስካሶኒ ማኅበረሰብ የሆኑት፣ ሚክማቅ የሚባለው ነባር ሕዝብ አዛውንት አልበርት ማርሻል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ያስተዋወቁት ሐሳብ በሚክማቅ ቋንቋ «ኤቱአፕትሙምክ» ይባላል፤ በሁለት ዓይን ማየት እንደ ማለት ነው። በአንዱ ዓይን የአገር በቀሉን ዕውቀት ጥንካሬ፣ በሌላው የምዕራቡን ሳይንስ ጥንካሬ አይቶ ሁለቱን ዓይኖች ለሁሉም ጥቅም አብሮ መጠቀም ነው። እሳቸው፣ ባለቤታቸው መርዴና ማርሻልና ባዮሎጂስቷ ቼሪል ባርትሌት በኬፕ ብሬተን ዩኒቨርሲቲ ሁለቱን ዕውቀቶች የሚያጣምር ትምህርት ለማቋቋም አብረው ሠርተዋል። በዚህ ሐሳብ ውስጥ መምህራን ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት «ጥንካሬ» የሚለውን ቃል ነው። የአንዱን ጥንካሬ ከሌላው ድክመት ጋር ማወዳደር በሁለት ዓይን ማየት አይደለም። በሁለት ዓይን ስናይ ርቀትን መለየት የምንችለው ሁለቱ ዓይኖች የሚያዩት ምስል ትንሽ ስለሚለያይ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ዕውቀቶች አንድ ዓይነት ለማስመሰል መድከም አያስፈልግም። ለልጆችም ይህን ማሳየት ቀላል ነው፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የሁለት እርሳሶችን ጫፍ እንዲያገናኙ ያድርጉና ቀጥሎ በሁለቱም ዓይን ይሞክሩት።

ከምን ልጀምር ላሉት፣ ከአንድ ተክል ይጀምሩ እላለሁ። ትርጉምና ምደባ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ፊላ በብዙ የዓለም ክፍል ረግረጎች ስለሚበቅል ለዚህ ይመቻል። አንድ ቅጠል ከሥሩ አካባቢ ተቆርጦ ሲታይ ውስጡ ድፍን አይደለም፤ በስስ ግድግዳ የተከፋፈሉ፣ በርዝመቱ የተደረደሩ ጥቃቅን ክፍተቶች አሉት። ቁራጩን ውኃ ውስጥ አጥልቀው ሲጫኑት አረፋ ይወጣል። እዚህ ላይ ልጆቹ እንዲያስቡ ጊዜ ይስጧቸው፤ አንድ የውኃ ዳር ተክል ለምን አየር ይሸከማል? መልሱ ከእግራቸው ሥር ነው። በውኃ የተሞላ ጭቃ ኦክስጅን ከሞላ ጎደል የለውም፤ ውስጡ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ያለውን ቶሎ ይጨርሱታል፣ ከላይ የሚገባው ደግሞ በውኃ ውስጥ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚጓዘው። ፊላው ስለዚህ አየርን ከቅጠሉ ወደ ሥሩ በእነዚህ ክፍተቶች ያወርዳል። አሁን ያንኑ ቅጠል በሌላው ዓይን እንየው። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ የሚኖሩት አኒሺናቤዎች የክረምት ቤታቸውን ግድግዳ ከፊላ ቅጠል በተሰፋ ምንጣፍ ይሸፍኑ ነበር። ቅጠሉ ውስጥ የታሰረው አየር ሙቀት እንዳይወጣ ያግዳል፤ ውኃ ሲነካው ደግሞ ያብጥና ክፍተቶቹን ይደፍናል። ተክሉን በጭቃ ውስጥ የሚያኖረው ያው ክፍተት ሰውን ከብርድ የሚያድነው ሆነ ማለት ነው። ምንጣፍ ሰፊዋ ይህን ያወቀችው በእጇና በብዙ ክረምቶች ፈተና ነው፤ የዕፅዋት ተመራማሪው በማጉያ መነጽር ነው። ልጁ በዚህች አንዲት ቅጠል ላይ የሁለቱንም መንገድ ሲያይ ተረትና ሳይንስ የሚባል ክፍፍል ወደ ሐሳቡም አይመጣም።

ከቅጠሉ ወደ ጭቃው መውረድ ተገቢ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው አንድ እፍኝ አፈር ያውጡ። ረግረጉ ዓመቱን ሙሉ ውኃ የሚያቁር ከሆነ አፈሩ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ቀመስ ይሆናል፤ ውኃው ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን በግራጫው መካከል ዝገት የመሰሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ነገሩ የብረት ጉዳይ ነው፤ ኦክስጅን በሌለበት ብረቱ ሟሙቶ ይታጠባል፣ አየር በደረሰበት ቦታ ደግሞ ይዝጋል፤ ብዙውን ጊዜም ዝገቱ የሥሮችን መስመር ተከትሎ ይገኛል። ይህ ቀለም ውኃው የት ድረስ ወጥቶ እንደሚቆይ የሚናገር መዝገብ ስለሆነ፣ የረግረግን ወሰን የሚያሰምሩ ባለሙያዎች በደረቅ ወራት እንኳ ይጠቀሙበታል። በረግረግ ዳር ያደገ ሰው ወሰኑን የሚያሰምረው በሣሩ ዓይነት፣ በመሬቱ መርገብገብና በወፎች አመጣጥ ነው። ልጆቹ ሁለቱን ወሰኖች በገመድ ይዘርጓቸው፤ ገመዶቹ የት ላይ ይገናኛሉ፣ የት ላይስ ይራራቃሉ? የተራራቁበት ቦታ የትምህርቱ ምርጥ ክፍል ይሆናል፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ሁለቱም ወገኖች ማስረጃቸውን ማቅረብ አለባቸው። ትርጉሙን ማስተማር የሚቀለውም ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 1971 በኢራኗ ራምሳር ከተማ የተፈረመው የረግረጋማ ሥፍራዎች ስምምነት ተፈጥሯዊም ሆነ ሰው ሠራሽ፣ ቋሚም ሆነ ጊዜያዊ፣ ጨው አልባም ሆነ ጨዋማ ውኃ ያለበትን መሬት ይጨምራል፤ ባሕርንም ቢሆን ማዕበሉ በሸሸ ጊዜ ጥልቀቱ ከ6 ሜትር እስካልበለጠ ድረስ ያካትታል። ግማሽ ዓመት የሚደርቀው ረግረጋቸው ረግረግ መባሉ የሚያከራክራቸው ልጆች እዚህ ላይ መልስ ያገኛሉ።

ሁለቱ ዕውቀቶች ተቀራርበው ስለሠሩበት ጉዳይ ምሳሌ ከፈለጉ «ማኖሚን» የሚባለውን የዱር ሩዝ ያንሱላቸው፤ እኔ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ማኖሚን ጥልቀት በሌላቸው የሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች ላይ የሚበቅል ሣር ሲሆን፣ አኒሺናቤዎች ወደዚያ ምድር የመጡት ምግብ በውኃ ላይ ወደሚበቅልበት ሂዱ ተብለው እንደሆነ ይተርካሉ። አጫጆቹ በታንኳ ገብተው አገዳውን በአንድ እንጨት ጎንበስ አድርገው በሌላው ቀስ ብለው ይመቱታል፤ የበሰለው ፍሬ ታንኳው ውስጥ ሲረግፍ ከፊሉ ወደ ውኃው ተመልሶ የሚቀጥለው ዓመት ዘር ይሆናል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ሐይቁን አይተው ደርሷል ሳይሉ አጨዳ አይጀመርም። ተክሉ በተለይ ቅጠሉ በውኃው ላይ በሚንሳፈፍበት ጊዜ ውኃው በድንገት ከፍ ካለ እንደሚነቀል ወይም እንደሚሰምጥ ያውቃሉ፤ ግድብ በሚሠራ ሰው ላይ የሚያቀርቡት ክርክርም ከዚህ የሚነሣ ነው።

የሳይንሱ ወገን ታሪክ ደግሞ ይህ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሚኔሶታ ግዛት ሐይቆችን ያጠና የነበረው ጆን ሞይል የተባለ ተመራማሪ፣ ሰልፌት የተባለው፣ ድኝ ያለበት ውሁድ በበዛባቸው ውኃዎች ውስጥ የዱር ሩዝ በብዛት እንደማይገኝ ልብ አለ። በዚህ ምልከታ ላይ ተመሥርቶ ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ1973 የዱር ሩዝ ለሚበቅልባቸው ውኃዎች በሊትር 10 ሚሊ ግራም የሰልፌት ወሰን አወጣ። ሰልፌቱ ለምን እንደሚጎዳ በሚገባ የተብራራው ግን ቆይቶ ነው፤ ጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ስለሚያጡ ሰልፌቱን ወደ ሰልፋይድ ይለውጡታል፣ ሥሩን የሚመርዘውም ሰልፋይዱ ነው። ልጆችዎ ረግረጉን ሲረግጡ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ከሸተታቸው ያው የባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ለትምህርት የሚጠቅመው ነጥብ፣ ሳይንቲስቱም የጀመረው እንደ አጫጆቹ ተክሉ የት እንደሚገኝና የት እንደሚጠፋ በማየት መሆኑ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ እሱ ውኃውን በጠርሙስ ቀድቶ በቁጥር ለካ፣ እነሱ ደግሞ ያንኑ ሐይቅ በየዓመቱ እየተመለሱ ለልጅ ልጅ አስረከቡ። ጠርሙሱ ብዙ ሐይቆችን በአንድ ጊዜ ለማወዳደር ያስችላል። ለትውልዶች የዘለቀው ምልከታ ደግሞ አንድ ተመራማሪ በሥራ ዘመኑ የማይደርስበትን ለውጥ ያያል። የ10 ዓመት ልጅ ይህን ልዩነት መረዳት አያቅተውም።

ሦስተኛው ምሳሌዬ በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ ግዛት የሚገኘው፣ ባጅ ቢም የተባለው የጉንዲችማራ ነባር ሕዝብ ሥፍራ ነው። ጉንዲችማራዎች «ኩያንግ» የሚሉትን፣ እባብ የሚመስለውን ኢል የተባለ ዓሣ ለማርባትና ለማጥመድ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቦይ፣ ግድብና ማቆያ ኩሬ ሠርተዋል፤ ከሥራዎቹ መካከል በተካሄደ ምርመራ 6,600 ዓመት ዕድሜ የተገኘለት አለ። ዩኔስኮ ሥፍራውን እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚያ በፊት ግን ሰፋሪዎች ለእርሻ ብለው የአካባቢውን ሐይቅ አጠንፍፈውት ነበር፤ ውኃው የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ግድብ ከተሠራ በኋላ ነው። በክፍል ውስጥ አንድ ሰፊ ትሪ፣ ሸክላ ጭቃና ጠጠር ይበቃል። ልጆቹ ውኃው ከፍ ሲል ዓሣ የሚያስገባ፣ ሲጎድል ግን የሚያስቀር ቦይ ለመሥራት ይሞክሩ፤ አንዲት ቅጠል በቦዩ ለመጓዝ የሚፈጅባትን ሰከንድም ይቁጠሩ። ሁለት ሦስቴ ሲፈርስባቸው፣ ጥንት የነበሩ ሰዎች እንዲሁ ለቅመው ይበሉ ነበር የሚለው የመጻሕፍት አነጋገር ለምን ትክክል እንዳልሆነ በእጃቸው ይገባቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ አነጋገር እንዲያስወግዱ እለምንዎታለሁ፤ «አዛውንቶቹ ያሉትን ሳይንስ አረጋገጠው» አይበሉ። ነገሩ በቅንነት የሚባል ቢሆንም አንዱን ዳኛ፣ ሌላውን ተከሳሽ ያደርገዋል። «ሁለት ምስክሮች ተስማሙ» ማለት ይሻላል፤ ሳይስማሙም እንዲሁ ይናገሩ። አለመስማማቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስለሚለካ ነገር ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ዓሣው የቀነሰው በዚህ ምክንያት ነው ወይስ በዚያ የሚል ክርክር በምልከታ ሊፈተን ይችላል፣ ሁለቱም ወገን የመሳሳት ዕድል አለው። ሁለተኛው ስለሚለካ ነገር አይደለም። ውኃ ዘመዳችን ነው፣ ከመውሰዳችን በፊት ማመስገን አለብን የሚል ሕዝብ የሚናገረው ስለ ግዴታ እንጂ ስለ ኬሚስትሪ አይደለም፤ ይህን የውኃን አሲዳማነት በሚለካ የፒኤች ወረቀት ለመፈተን መሞከር የሳይንስንም ወሰን አለማወቅ ነው። ልጆች እንዳይምታታባቸው የፈሩት ነገር ግልጽ የሚሆነው በዚህ ልዩነት ነው፤ ሳይንስ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚመልስ በግልጽ የተነገረው ልጅ ሌላውን ጥያቄ አይንቅም። መማሪያ መጻሕፍትም ቢሆኑ ረግረግን ለረጅም ጊዜ ጠፍ መሬትና የበሽታ ምንጭ ብቻ ሲያደርጉት እንደኖሩ መንገር አይከፋም። እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ብቻ የዓለም የተፈጥሮ ረግረጋማ ሥፍራዎች 35 በመቶ ያህል እንደቀነሱ የራምሳር ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ዘገባ ገምቷል፤ ለዚህ ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ያ አመለካከት ነው።

ስለ ሥነ ሥርዓቱ ሳልናገር ባልፍ ምክሬ ጎደሎ ይሆናል። ዕውቀቱ ባለቤት አለው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2007 ያጸደቀው የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 31 እነዚህ ሕዝቦች ባህላዊ ዕውቀታቸውን የመጠበቅና የመቆጣጠር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ አዛውንቱን ወይም አዛውንቷን ከመጋበዝዎ በፊት ሄደው ያነጋግሩ፤ ልጆቹ ምን ቢማሩ ደስ እንደሚላቸው ይጠይቁ፣ የትኛው ነገር ለልጆች እንደማይነገር፣ የትኛው እንደማይቀረጽ፣ የትኛው ተክል እንደማይነካ እነሱ ይወስኑ። በአንዳንድ የሰሜን አሜሪካ ሕዝቦች ዘንድ ለምሳሌ የተወሰኑ ትረካዎች የሚነገሩት በረዶ በሚጥልበት ወቅት ብቻ ነው፤ የእርስዎ መርሐ ግብር በሰኔ ላይ ቢውል ትረካው ይቀር እንጂ ወቅቱ አይጣስም። ለእንግዳ መምህር የሚከፈለው ሁሉ ለእነሱም ይከፈል። አዛውንት ማግኘት ካልቻሉ ከሌላ ሕዝብ የተወሰደ ትረካ የእዚህ ምድር ነው ብሎ ማቅረብ አይገባም፤ የማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ስሙን ጠርተው ይንገሩ።

ስለ ደኅንነት በአጭሩ፦ ምንም ዓይነት ተክል አይቀመስ፤ በሰሜኑ የምድር ክፍል ረግረግ ውስጥ ለምግብ ከሚሆኑ ተክሎች ጎን የሚበቅለው ዋተር ሄምሎክ ገዳይ መርዝ ነው። በሞቃታማ አገሮች ደግሞ በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈው ቢልሃርዚያ በቆዳ ስለሚገባ ልጆች በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት የለባቸውም፤ ናሙናውን እርስዎ ቦት ጫማና ጓንት አድርገው በባልዲ ያውጡላቸው።

10ሩን ክፍለ ጊዜ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ አይጨርሱት። ርእሰ መምህሩ ከፈቀዱልዎ ሦስቱን ውኃው በሚሞላበት፣ ሦስቱን በሚጎድልበት፣ የቀሩትን በመካከል ያድርጓቸው። ረግረግን አንዴ ያየ ልጅ ያየው ኩሬ ነው፤ ከፍ ዝቅ ማለቱን ያየ ልጅ ግን አጫጆቹ ስለ ወቅት ለምን ያን ያህል እንደሚጨነቁ፣ አፈሩም ለምን እንደሚዥጎረጎር ይገባዋል። በየጉብኝቱ አንድ ምልክት ባለበት እንጨት ላይ የውኃውን ከፍታ ይለኩ፣ ከየቦታው የተያዙትን ትናንሽ የውኃ እንስሳት በዓይነት ይቁጠሩ፣ በሥፍራው የሚያድሩትን ወፎች ይመዝግቡ።

ምዘናው የሚሠራው በዚሁ ማስታወሻ ደብተር ነው። ደብተሩን «ሳይንስ» እና «ባህል» ብለው በሁለት ዓምድ አይክፈሉት፤ ያ እንደገና ወደ ማሟሻው ይመልሰናል። በእኔ ልምድ የሠሩት ዓምዶች «ምን አየን?»፣ «ማን ነገረን፣ እሱስ በምን አወቀ?» እና «ምን ቀረን?» የሚሉት ናቸው። ማጠቃለያው ላይ አንድ ተክል ወይም አንድ እንስሳ መርጠው ከሁለቱም ወገን ማስረጃ እየጠቀሱ እንዲያስረዱ ያድርጉ፤ ነጥብ ሲሰጡም ምንጩን በትክክል ለጠቀሰ፣ ያየውን ከሰማው ለለየና ያላወቀውን አላውቅም ብሎ ለጻፈ ልጅ ይስጡ። ትክክለኛውን መልስ በቃሉ የያዘ ነገር ግን ከማን እንደሰማው የማይናገር ልጅ ሙሉ ነጥብ አያገኝም፤ ይህ በመጀመሪያ ያስኮርፋቸዋል፣ በሦስተኛው ሳምንት ግን እርስ በርሳቸው «በምን አወቅህ?» መባባል ይጀምራሉ።

የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ልጆቹ የለኩትንና የጻፉትን ለአዛውንቶቹ እንዲያቀርቡ ይተዉላቸው፤ የተሳሳተ ነገር ካለ የሚያርሙት እነሱ ናቸው። ያቺ ልጅ ካሳፈረችኝ ከዓመት በኋላ እነዚያን እናት በድጋሚ ለመንኳቸው፤ በዚህ ጊዜ ወደ ክፍል አልመጡም፣ እኛ ተከትለናቸው ረግረጉ ድረስ ሄድን። እኔና ልጆቹ የፊላ ቅጠል በምላጭ ሰንጥቀን በማጉያ መነጽር ስናሳያቸው፣ እናቲቱ ቀዳዳዎቹን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። ከዚያም ይህ ቅጠል ያለ ጊዜው የተቆረጠ ነው፣ ገና ለጋ ነው አሉና በማጨጃው ወር ሌላ አምጥተን ቀዳዳዎቹን እንድናነጻጽር አዘዙን። የሚቀጥለው መንፈቅ የመጀመሪያ ትምህርታችን እሱ ሆነ።